ቀለብ የጠየቅሁ ወንድ

የልጄ እናት የባንክ ሠራተኛ ናት። ከተለያየን በኋላ ዕድገት አግኝታ ወደ ሐዋሳ ተዛወረች፤ ልጃችን ከትምህርት ቤቷ እንዳትነቀል ብለን ካዛንቺስ እኔ ጋ ቀረች። እናትየው መጀመሪያ በየወሩ ትልክ ነበር። ቆይቶ አንዳንዴ ሆነ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። እኔ ደግሞ አልጠየቅኋትም። እንዲያውም «ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው» እያልኩ ለሰፈሩ አወራለሁ። «አባት ማለት እንዲህ ነው» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል።

በኋላ መንገድ ሲሰፋ የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ፈረሰ። ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ተቀጠርኩ፤ ደረቴም ቀስ በቀስ ሟሸሸ።

ታላቅ እህቴ «ቀለብ ጠይቃት» አለችኝ።

«ወንድ ልጅ ቀለብ ይጠይቃል እንዴ?»

«የምትበላው ልጅቷ ናት ወይስ አንተ?»

በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ሰው እንዳያውቀኝ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ጥቁር መነጽር አድርጌያለሁ። ቀኑ ዳመና ስለነበር ከግቢው ሁሉ መነጽር ያደረግሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰልፍ እንደያዝኩ አንድ ሰው ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ሚኒባስ የሚነዳ የሰፈሬ ልጅ ነው።

«አንተንም ከሰሰችህ?» አለኝ በሐዘኔታ።

እውነቱን ልናገር አፌን ብከፍት «ምን ይደረግ» የሚል ቃል ወጣ።

«ስማኝ፣ ገቢህን አሳንሰህ ተናገር። ፂምህንም አትላጭ፤ ዳኞቹ ሲያዩህ ያዝናሉ።»

ምክሩን በአክብሮት ተቀበልኩ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝና «ወንድሜ፣ ተከሳሾች በዚያኛው መስኮት ነው» አለችኝ።

«ክስ ልከፍት ነው» አልኩ ዝቅ ብዬ።

«አይሰማኝም፣ ጮክ በል።»

«ቀለብ ልጠይቅ ነው።»

እኔ እንኳን ይህን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሰፈሬ ልጅ ጥቂት አሰበና ጆሮዬ ሥር መጣ። «ማለቴ፣ ለወንድም ይሰጣል?» አለኝ፤ የምሩን ነው።

እናትየው ሌላ ክልል ስላለች መጥሪያው በዚያ ባለው ፍርድ ቤት በኩል እንዲደርሳት ተደረገ። እስኪደርሳት ቀጠሮው ይተላለፋል፤ እኔ ደግሞ መኪና ሥር ተኝቼ ንግግሬን እለማመዳለሁ። «የተከበረው ፍርድ ቤት ሆይ» ስል የጋራዡ ባለቤት ሰምቶ «መፍቻውን ነው የምትለምነው?» አለኝ።

በቀጠሮው ቀን መጣች። ዳኛዋ ቀለብ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኗን ጠየቋት።

«ፈቃደኛ ነኝ። ከደሞዜ ይቆረጥ» አለች።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። «የሚቃወሙት ነገር አለ?»

«የለም፤ ግን ንግግር ነበረኝ...»

«ካልተቃወሙ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ልምምድ በቃ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ከችሎት ስንወጣ ለምን እንዳቆመች ጠየቅኋት።

«ስደውል ሁሉ ‹ምንም አልጎደለባትም› ትለኛለህ። ሰፈር ለሰፈር ‹ብቻዬን ነው የማሳድጋት› ማለትህንም ነገሩኝ። እንግዲያው ይቻለው ብዬ ተናደድኩ» አለች። «ልጅቷን እንደጎዳሁ ግን አውቃለሁ።»

ልቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን ያወራሁት እኔ፣ የሰማችውም ልክ እኔ ያወራሁትን ነው።

«ሳልመለስ ልያት?» አለችኝ።

በለገሃር በኩል ታክሲ ይዘን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረስን። ሁለታችንም ስለ መንገዱ መጨናነቅ ብቻ እናወራለን። ልጃችን ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ወጣች፤ ጎን ለጎን ቆመን ስታየን ግን ሳቋ ጠፋ። እኔንና እናቷን በየተራ አየችንና ቀስ እያለች መጣች።

«ምን አጥፍቼ ነው ሁለታችሁንም የጠሯችሁ?» አለች።

እናቷ ጎንበስ ብላ አቀፈቻት። እኔ ቦርሳዋን ተቀበልኩ።