የጋሽ ንጋቱ ወዳጅ

ቢምረው የደጀን ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ጠረፍ ላይ ተመደበ። አንድ ጓደኛው ሊከዳ ሲል ተይዞ ሲረሸን ሻለቃ ጦሩን ሁሉ አሰልፈው አሳዩ። ቢምረውም ቆሞ አየ። በወሩ እሱም መሣሪያውን ጥሎ ጠፋና ሐርጌሳ ገባ። እዚያ ግድግዳ ለሳኝ ሆነ፤ እጁ ቶሎ ገራለት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የሚፈራው የደርግን ወታደር ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ለእሱ ጨዋታ ነው።

ኮድቡር በሚሉት የሐርጌሳ ሰፈር ሳህራ የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሳህራ ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ግን ከእሱ ይፈጥናል። ወንድሟ ኤልሚ ዋሄን ገበያ ውስጥ የኮሚክ መጽሔት ያከራያል። የቢምረውን ልብ የሰለበው እዚያ ያገኘው አንድ አስፈሪ ተከታታይ ኮሚክ ነው፤ ከሞቃዲሾ በጭነት መኪና የሚመጣ፣ በጣልያንኛ የተጻፈ፣ ማለቂያ የሌለው።

ታሪኩ የአንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነው። የሚጠብቀው አሮጌ ቤት ሰው ይበላል። ግድግዳው እጅ ያበቅላል፤ ጓዳው የገባ እንግዳ አይወጣም። ዘበኛው በየእትሙ ከዚያ ቤት ለማምለጥ ይነሳል። የጣልያን ስሙ እንደ ሸንኮራ አገዳ የረዘመ ስለሆነ ቢምረው ጋሽ ንጋቱ አለው። ሌሊቱ ከቶ የማይነጋለትን ሰው ንጋቱ ማለት እንግዲህ የቢምረው ቀልድ ነው። ጣልያንኛውን የሚያውቅ ስለሌለ ንግግሩን ከራሱ እየፈጠረ፣ ስሚንቶ ሲያቦኩ ለሚውሉት ባልደረቦቹ በተሰባበረ ሶማልኛው ይተርክላቸዋል። በእሱ አፍ ጋሽ ንጋቱ ጎጃሜ ነው፤ ጭራቁን «አንተ ሆዳም» እያለ ይሰድበዋል።

ኤልሚ ለሥራው አንድ ዘዴ ነበረው። መጽሔቶቹ እየወጡ ቢቀሩበት ጊዜ የእያንዳንዱን የመጨረሻ ቅጠል ገንጥሎ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠ። አንባቢው ታሪኩን ቤቱ ወስዶ ያነባል። መጨረሻውን ማየት ካማረው መጽሔቱን ይመልስና እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ያያል። ከዚያ ወዲህ አንድም መጽሔት አልጠፋበትም። ቢምረውም ስንቴ ስሚንቶው እጁ ላይ እንደ ደረቀ ወደ ዋሄን ሮጧል።

በ1980 ግንቦት ሲያልቅ የሶማሊያን መንግሥት የሚወጉት አማፂዎች ከተማዋ ገቡና ጦርነቱ ፈነዳ። መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ያርሳት ጀመር። አውሮፕላኑ ከከተማዋ ከራሷ ማረፊያ ይነሳል፤ ዞር ብሎ ያችኑ ከተማ ይደበድባል፤ ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ቢምረው ይህን ሲያይ የኮሚኩ ደራሲ እንኳ እንዲህ ያለውን አልደፈረም ብሎ አሰበ። ጋሽ ንጋቱ ቤት ሰው የሚበላው ሲጨልም ነው፤ እዚህ በጠራራ ፀሐይ ሆነ።

ኤልሚ አመድ መስሎ ከዋሄን መጣ። ሱቁ ተቃጥሏል። ሰው ፍራሽና ሩዝ ተሸክሞ ሲሸሽ እሱ ያዳነው ያንን የብስኩት ቆርቆሮ ነው።

«የኛ ጀግና፣ መጨረሻ መጨረሻውን ይዞልን መጣ» አለች ሳህራ። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ሦስቱም መስኮት በሌላት ዕቃ ቤት ውስጥ ተከተቱ። ውጭ ወታደሮች ቤት ለቤት ይፈትሻሉ። የጎረቤት ቤት ተደርምሶ፣ ከፍርስራሹ ስር ሰው ሲጣራ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ መጣራቱም ቀረ። ወጥቶ መርዳት አልተቻለም። ቢምረው ይህን ሲያስብ እንዳያብድ ቆርቆሮውን ከፍቶ ቅጠሎቹን በበሩ ስንጥቅ በምትገባው ብርሃን አንድ በአንድ ያያቸው ጀመር። አንድ አንዱን እያረፈ ሲያነብ እያንዳንዱ መጨረሻ ያስደነግጠው ነበር። አሁን አንድ ላይ ደርድሮ ሲያያቸው ሁሉም አንድ ሆነው አገኛቸው።

«ልብ ብለህ እይልኝ» አለው ኤልሚን። «ጋሽ ንጋቱ በሁሉም ያመልጣል። ጭራቁን ያሞኘዋል፤ ከግቢው ይወጣል፤ መንገዱ ወለል ብሎ ይታየዋል። ከዚያ ምን ያደርጋል? በሩን ሊቆልፍ ይመለሳል።»

«ዘበኛ ነዋ» አለ ኤልሚ።

«አንድ ቀን እንኳ ክፍቱን ቢተወው ምን አለበት? እኮ ቁልፉን ሲያዞር ነው የግድግዳው እጆች የሚይዙት።»

«አመል ያወጣል ከመሀል፣ ድሬ ስንኖር ሲባል አልሰማህም? ደግሞስ ቢያመልጥ እኔ ምን ላከራይ ነው?»

ቢምረው ግን አልሳቀም። እስከ ዛሬ ብርቱ የመሰለው ቤቱ ነበር። ለካ ቤቱ ምንም አያደርግም፤ ሰውየው ራሱ እስኪመለስ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል እንጂ። ይህን ያህል ዘመን ሲያዝንለት የኖረውን ሽማግሌ እንደ ወንድሙ ተናደደበት።

ፍተሻው ጋብ ሲል ሳህራ ሾልካ ወጥታ ከጎረቤት ወሬ ይዛ ተመለሰች። ሰፈሩ ሁሉ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ እየወጣ ነው።

«ሲመሽ እንነሳለን» አለች።

«እናንተ ሂዱ፣ እትዬ ሳህራ። እኔ እዚሁ እቆያለሁ።»

«ማን ሊያቆይህ? እነዚህ ገብተው ሐበሻ ቢያገኙ ሰላይ ብለው ይደፉሃል።»

«እዚያስ? ከሃዲ ብለው ነው የሚደፉኝ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ከተማው በሙሉ ነፍሴን አድናለሁ ብሎ የሚሮጠው እሱ ነፍሱን ይዞ ወደ ሸሸበት ወታደር ነው። ቢቀርም ሞት፣ ቢሄድም ሞት። ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ፤ እንባው መጣ፤ አላፈረም።

ሳህራ ብዙ አሰበችና «ዲዳ ነህ እንላለን» አለችው። «የአክስቴ ልጅ፣ ሲፈጠር ጀምሮ የማይሰማ፣ የማይናገር። መልክህ ምንም አይልም፤ የሚያስበላህ አፍህ ነው። አማርኛ ብትሰማ እንዳልሰማህ ሁን፤ እናትህን ቢሰድቡ እንኳ።»

«እሺ።»

«እሺም አትበል።»

እያመሸ እየተጓዙ፣ ቀን ከግራር ስር እየተኙ ሄዱ። ኤልሚ በመንገዱ ሁሉ ይፈትነው ነበር። ከኋላው ሆኖ በስሙ ይጠራዋል፤ እባብ ረገጥክ ይለዋል፤ ውኃ ትጠጣለህ ወይ ይለዋል። ቢምረው መጀመሪያ ላይ ዞረ፤ ከዚያ አንገቱ እንኳ አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ ኤልሚ ራሱ ፈራውና፣ «ኧረ በአላህ አንድ ነገር በል» ብሎ ለመነው። አላለም።

ጠረፍ ሲደርሱ ስደተኛው ተሰልፎ ቆሟል። የሚፈትሹት ወታደሮች የለበሱት ያንኑ እሱ ለብሶ የጣለውን ልብስ ነው። አዛዡ ራቅ ብሎ ዛፍ ስር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ወታደሮቹ እርስ በርሳቸው ስለ ደመወዝ መዘግየት በአማርኛ ያወራሉ። ቢምረው እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ከሳህራና ከኤልሚ አፍ በቀር ስንት ዘመን ያልሰማው ቋንቋው ነው፤ ፊቱን ግን አሁን እንደ ተለሰነ ግድግዳ አደረገው።

«ይሄስ?» አለ ተራቸው ሲደርስ የፈተሻቸው ወታደር። ለጋ ልጅ ነው፤ ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል።

«የአክስቴ ልጅ ነው ጌታዬ። ዲዳ ነው፤ ጆሮውም አይሰማም» አለች ሳህራ።

ወታደሩ ዞሮ ከኋላው ቆመና ጆሮው ስር አጨበጨበ። ቢምረው ወደፊት እንዳየ ነው። እናቱን ጠርቶ ሰደበው። ቢምረው ከንፈሩ ላይ የሰፈረ ዝንብ እንኳ አላባረረም። ወታደሩም አመነና እለፉ ብሎ በእጁ ጠቆማቸው። በዚህ መሀል ከኋላ የመጡ ግመሎች አቧራውን አስነሱት፤ ወታደሩ አነጠሰ።

«ይማርህ» አለ ቢምረው።

ሊለው አላሰበም። አፍ ከፈታ ጀምሮ ሰው ባነጠሰ ቁጥር እንደሚወጣው ሁሉ ቃሉ በራሱ ወጣ።

«ያኑርህ» አለ ወታደሩም፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። ከዚያ እጅጌው አፍንጫው ላይ እንዳለ ቀረ።

ሳህራ ዓይኗን ጨፈነች። ኤልሚ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ወታደሩ ቢምረውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ዞሮ ዛፉ ስር ያለውን አዛዥ አየ፤ እንደገና ቢምረውን አየው። ቢምረው ያ የተረሸነው ጓደኛው ግንድ ላይ ታስሮ ሳለ እንዴት ምራቁን ይውጥ እንደነበር ትዝ አለው።

ወታደሩ ተጠጋና፣ ቅድም ባጨበጨበበት ጆሮ ስር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲህ ያኑርህ ብዬሃለሁ፤ ምን ላድርግ? እለፍ» አለው። «ሁለተኛ ግን፣ ማንም ቢያነጥስ ዝም በል።»

ቢምረው እግዜር ይስጥልኝ ሊለው ፈለገ። ወንድሜ ሊለው፣ የማን አገር ልጅ እንደሆነ ሊጠይቀው ፈለገ። ጥርሱን ነክሶ አለፈ።