ብርቱካንማ ቀሚስ ለሁለት

ዘበኛው ሴትየዋን ቆልፎባት የሄደው በተንኮል አይደለም። ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አመሻሽ ላይ ልብስ ስፌት ቤቱን ሲዘጋ በሩ ላይ ቆሞ "የቀረ ሰው አለ?" ብሎ ይጣራል፣ አንገቱን ወደ ውስጥ ብቅ አድርጎም ያያል። ያን ቀንም ተጣርቷል፣ አይቷልም። ዘምዛሚዋ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማ "አለሁ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?" እያለችው መብራቱን አጠፋና በሩን ከውጭ ቆለፈው። ጓደኛዋ ደጅ ቆማ ባትጠብቃት፣ "ሰው ቆልፈህ የት ነው የምትሄደው!" እያለች ዘበኛውን እስከ መንገዱ ማዶ ባታሯሩጠው ኖሮ እዚያው ታድር ነበር። በሩ ሲከፈት ዘበኛው ደነገጠ። "በፈጣሪ ስም፣ ማንም አልነበረም እኮ!" አለ። አልዋሸም።

ዘምዛሚ ማለት በዚያ ቤት የቀሚሱንና የሱሪውን ጠርዝ በእጁ የሚሰፋ ሰው ነው። በፊተኛው ክፍል ያሉት ልብስ ሰፊዎች ልብሱን በስፌት መኪና እየገጣጠሙ ወደ ጓዳ ይልኩታል፤ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ሁለት ሴቶች ጉልበት ለጉልበት ተፋጠው ተቀምጠዋል። አንዷ ዘምዛሚዋ ናት። ሌላዋ ቁልፍ ተካይዋ፣ ዘምዛሚዋ "ቁልፌ" ብላ የምትጠራት ጓደኛዋ። ሁለቱም እዚያ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ጠጉራቸው ጥቁር ሳለ ነው። ቁልፌ አፏ አያርፍም። ክር በመቀስ ቆርጣ አታውቅም፤ በጥርሷ ቀጭ ታደርገዋለች። "ጥርስሽ ሲያልቅ ምን ሊውጥሽ ነው?" ዘምዛሚዋ ስትላት "ያንቺን እዋሳለሁ፣ አንቺ እንደሁ አትስቂበት" ትላታለች።

እውነቷን ነው፣ ዘምዛሚዋ መሳቅ ትታ ነበር። በምን ትስቃለች? አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ልትለካ ገብታ ካፖርቷን አወለቀችና ዘምዛሚዋ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋባት መስታወቱ ፊት ቆመች። ስትጨርስ አንስታ ለብሳ ሄደች። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ቤትስ ቢሆን? ከልጇና ከምራቷ ጋር ነው የምትኖረው። ልጇ ከሥራ ገብቶ ሳሎን ያልፋል፣ እሷ ሶፋው ጠርዝ ላይ እራቷን እየበላች "እንዴት ዋልክ?" ትለዋለች፤ እሱ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ አድርጎ መኝታ ቤቱ ይገባል። ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ጨለማ ውስጥ ትቀራለች። ያሳደገችው ልጅ እኮ ነው! ደግሞም ትፈራ ነበር። እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ትቆጥራለች፣ አሉ ወይስ የሉም ብላ።

የምትለብሰው አመድማ ቀሚስ፣ ከላዩ አመድማ ሹራብ። ቁልፌም ያው። ሴት ልጅ ከዚህ ዕድሜ በኋላ የአመድ ቀለም ትልበስ ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ እንጃ፣ ባገኘው ሁለት ቃል እነግረው ነበር።

ብርቱካንማው ቀሚስ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ያዘዘችው ሴት ለመጨረሻው ልኬት ሳትመጣ ቀረች፣ በወጣችበት ጠፋች። በቤቱ ልማድ ደግሞ ባለቤቱ የጠፋ ልብስ የጨረሱት ሰዎች ነው። ጠርዙን ዘምዛሚዋ ዘምዝማዋለች፣ ቁልፉን ቁልፌ ተክላዋለች፤ ስለዚህ የሁለቱ ሆነ። ቀለሙስ! ዓይን ይወጋል። ጓዳው ውስጥ ተሰቅሎ ሲውል ግድግዳው ሁሉ የበራ ይመስላል።

"ልበሺው" አለች ቁልፌ።

"አብደሻል? በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል?"

"የቱ ሰው? ካፖርት የሚሰቅልብሽ ሰው ነው?"

ዘምዛሚዋ የቀሚሱን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች።

"ሳምንት በሳምንት በተራ እንለብሰዋለን" አለች ቁልፌ። "መጀመሪያ አንቺ። አንቺ ነሽ የባሰብሽ።"

በማግስቱ ጠዋት ለብሳው ስትመጣ ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ አለ። "እንዴት አደሩ፣ እትዬ!" ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ዞሩ። አለቅየው፣ ስሟን ከጠራ ስንት ዘመኑ፣ "ኧረ ምን ተገኘ! ሠርግ አለ እንዴ?" አላት። መንገድ ላይ ሰው ዞር እያለ ያያታል፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ ይሳቅ! ማታ ቤት ስትገባ ልጇ በሩ ላይ ቆመ፣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ "እማዬ?" አለ። እንግዳ ሰው ያገኘ ይመስል ነበር። መብራቱን አላጠፋም። አጠገቧ ተቀምጦ እራቱን በላ፣ ስለ ሥራው አወራላት። ትንሽ ልጅ ሳለ ሲያወራ ቅንድቡን የማንሳት ልማዱ አሁንም እንዳለ አየች። ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

አንድ ነገር ብቻ ደስ አላላትም። ልጇ ሲያወራ የሚያየው ቀሚሱን ነበር። ግን ምን ቸገራት፣ ቀሚሱ ውስጥ ያለችው እሷ አይደለች?

ሳምንቱ አለቀ። ቁልፌ እጇን ዘረጋች። "እህሳ?"

"ነገ አመጣዋለሁ። ዛሬ ልጄ እራት ሊጋብዘኝ ነው።"

በማግስቱም "ነገ" አለች። ከዚያ "በእናትሽ፣ ይቺን ሳምንት ብቻ" አለች። ከዚያ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው፤ ለብሳ መጥታ ለብሳ ሄደች። ያቺ አፏ የማያርፈው ሴት ዝም ብላ መርፌዋን ታያለች፣ ዘምዛሚዋም ዓይኗን ትሰብራለች። እንዴት ብላ ትተወው? ብታወልቀው ጨለማ ውስጥ መቅረት ነው። ዓይንን መስበር ደግሞ ይለመዳል፣ እሷም ለመደችው። አንድ ጠዋት ቀና ስትል በርጩማው ባዶ ነበር።

ታማ ይሆናል ብላ አሰበች። እንደውም እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ እፎይ አለች። እስከ ቀትር ጠርዟን ስትዘመዝም አረፈደችና ለምሳ ስትነሳ ሸሚዞቹን አየች። ጠዋት ቁልፍ አልባ ሆነው የተቆለሉት ሸሚዞች ሁሉም ቁልፍ ተተክሎላቸው፣ ታጥፈው፣ ባዶው በርጩማ አጠገብ ተደርድረዋል።

ወደ አለቅየው ወጣች። "ቁልፌ አልመጣችም እንዴ?"

"ማን?"

"ቁልፍ የምትተክለዋ።"

አለቅየው አንዱን ሸሚዝ አንስቶ አገላብጦ አየው። "ተተክሏል እኮ፣ እትዬ። ችግሩ ምንድን ነው?"

ዘበኛውን ጠየቀችው። ግራ ገባው። "ጓዳ የሚሠሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም እንዴ?" አላት። ትዝታው ውስጥ ጎርጉሮ ጎርጉሮ ያጣው ይመስል ግንባሩን አሻሸ። መንገዱን አቋርጣ ያሯሯጠችው ሴት እንኳ ትዝ አላለችውም።

ከሰዓት በኋላ ጓዳው ጸጥ ሲል መርፌዋን ይዛ ተቀመጠች። ከፊት ለፊቷ፣ በጣም ቅርብ፣ ቀጭ አለ። ጥርስ ክር ሲቆርጥ። ወደ በርጩማው አየች፤ ዓይኗ ግን እዚያ ማረፍ አቃተው፤ እየተንሸራተተ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ካውያው፣ ወደ ሸሚዞቹ ይሄድባታል። በግድ መለሰችው፣ ተንሸራተተ። እንደገና መለሰችው። ቀጭ።

"ቁልፌ፣ አለሽ?"

ማንም አልመለሰም። ወይም የመለሰውን አልሰማችም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት፤ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ሲጣራ የሆነው እንዲህ ነበር። እሱም ተጣርቷል፣ እሱም አይቷል፣ እሱም አልዋሸም። እጇን ወደፊት ዘረጋች። ጣቶቿ ሙቀት ነኩ፣ የሹራብ ጨርቅ፣ ከሥሩ የደከመ ትከሻ። ትከሻው ሸሸት አለ። ተቀይሟል።

"ወይኔ፣ ምን አደረግሁ!" አለች ጮክ ብላ።

በማግስቱ ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ጠብቃ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ብርቱካንማውን አወለቀችና አሮጌውን አመድማ ቀሚሷን ለበሰች። ዓይኗ ይመለስ ይሆናል ብላ ነበር። አልተመለሰም፤ በርጩማው ያው ባዶ ነው። ቀሚሱን እቅፍ አድርጋ ቆመች። ልጇ ታሰባት። ማታ ሳሎን ሲገባ፣ አልፏት ሲሄድ፣ ማብሪያ ማጥፊያው። ቀሚሱን ብትደብቀው ማን ያውቃል? ማን ይጠይቃታል? ጠያቂዋ አንድ ሰው ብቻ ነበረች፣ እሷንም አሁን የሚያያት የለም።

እንዲህ ማሰቧ ራሷን አስደነገጣት። ቀሚሱን በሁለት እጇ ከፍታ ወደ በርጩማው ዘረጋችው።

"ተራሽ ነው" አለች። "ካለፈ ቆየ። እኔ ቀጣፊ ነኝ። ይቅር በይኝ፣ ወይም አትበይኝ፣ ብቻ ልበሺው።"

ቀሚሱ እጇ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆየ። ክንዷ እስኪዝል ቆየ። ከዚያ ክብደቱ ቀለለ። አንዱ እጅጌ ሞላ፣ ሌላው ሞላ፣ ደረቱ ተነፋ፣ ቁልፎቹ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ተቆለፉ። ከእጅጌው ጫፍ መርፌ የበሳቸው ጣቶች ወጡ። ከአንገትጌው በላይ ሽበት፣ ከሽበቱ ሥር የቁልፌ ፊት። አመድማ ልብሷ ላይ ደርባው፣ እዚያው በርጩማዋ አጠገብ ቆማ ነበር።

"ቁልፌ!"

ቁልፌ ዞር ዞር አለች። "የት ሄድሽ?"

"እዚህ ነኝ! ፊትሽ ቆሜ!"

የቁልፌ ዓይን መጣ፣ ፊቷን ነካ፣ ግድግዳ እንደሚነካ ነክቶ አለፈ። ዘምዛሚዋ እጇን አወዛወዘች፣ ጮኸች። ቁልፌ አትሰማም። ወደ መስታወቱ ሄደች። ራሷን አየች፣ ጎኗን አየች፣ ጠጉሯን ወደ ኋላ አስተኛች፣ ቀስ ብላ ፈገግ አለች። ደስ ብሏታል። ለምን ደስ አይላት? ከዚያ በሩ ዘንድ ሄዳ እጀታውን ያዘች። ከበሩ ወዲያ መንገዱ አለ፣ "እንዴት ዋሉ፣ እትዬ" የሚል ዘበኛ አለ፣ ዓይን ሁሉ አለ። ዘምዛሚዋ መጮህ አቆመች። መሄዷ ነው። ብትሄድም ይገባኛል አለች በልቧ፣ እኔም ሄጃለሁ።

እጀታው ዞረ። ከዚያ ቆመ።

ቁልፌ ተመለሰች። ወደ ዘምዛሚዋ በርጩማ መጣችና ፊት ለፊቱ፣ በገዛ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ባዶ ለሚመስላት ቦታ መናገር ጀመረች።

"ስሚ፣ አንቺ። ዓይንሽን መስበር ከለመድሽ ጀምሮ ስጮኽብሽ ከረምኩ። ጆሮሽ ሥር ጮህኩ። ምሳዬን አካፈልኩሽ፣ የራስሽ መስሎሽ በላሽ። አሁን አንቺም እዚሁ ቁጭ ብለሽ እየጮኽሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ጩኺ፣ ይበልሽ!" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ግን እኔ እንዳንቺ አይደለሁም።"

ትልቁን መቀስ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አነሳች። ወገቧ ላይ ጨርቁን ቆንጥራ ያዘችና ሰነጠቀችው።

"ተይ! ኧረ ተይ፣ በእናትሽ! ያ ጨርቅ!" ዘምዛሚዋ እጇን ይዛ ልታስጥላት ታገለች፤ ቁልፌ ክንዷ ለምን እንደከበዳት ሳታውቅ እየታገለች ወገቡን ዙሪያውን ቆረጠችው። ታችኛው ግማሽ እግሯ ሥር ወደቀ። አነሳችና ወደ ባዶው በርጩማ ወረወረችው።

"ያዢ! ከዛሬ ጀምሮ ተራ የሚባል ነገር የለም።"

ዘምዛሚዋ ከአየር ላይ ቀለበችው። አመድማ ቀሚሷ ላይ ጠቀለለችው፣ ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ጠርዙ ተቀድዶ ክሩ ተንዠርግጓል። ቀና አለች።

ቁልፌ እያየቻት ነበር። ዓይኗ መጥቶ አረፈ፣ አልተንሸራተተም። ግንባሯን አየች፣ የዓይኗን ሥር አየች፣ አገጯን፣ አንገቷን አየች። ብዙ ቆየች።

"ውይ በሞትኩት!" አለች ቁልፌ። "እንዴት አርጅተሻል!"

ዘምዛሚዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቀርቦ አይቶ እንዲህ ያላት ሰው ከስንት ዘመን ወዲህ አልነበረም።

"አንቺስ ብትሆኚ" አለቻት።