አየር የሚቆርጠው መቀስ

ሰፈሩ ጋሽ መቀስ ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። አንዱን ጨርሰው ጨርቁን ሲያራግፉና «ተረኛ!» ሲሉ ድምፃቸው መንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። ኋላ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረችና የአንድ የቆየ ደንበኛቸውን ጆሮ ጫሩ። ሰውየው «ኧረ ምንም አይደል፣ ጋሼ» ብሎ እየሳቀ ወጣ። እሳቸውን ግን ከደሙ ይልቅ ያ ሳቅ አንገበገባቸው፤ ሱቁን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ያቺ እጅ ከኮት ኪስ አትወጣም። ሻይ እንኳ በግራቸው ነው የሚጠጡት፤ ግማሹን ሸሚዛቸው ይጠጣዋል።

የልጃቸው ሥራ ደግሞ ለሰሚው ግራ ነው። መኝታ ቤቷ ውስጥ ማይክ ትደቅንና ፌስታል ታንኮሻኩሻለች፣ የማበጠሪያ ጥርስ በጥፍሯ ትነካካለች፣ የእንቁላል ካርቶን ትደባብሳለች። ይህንን በስልካቸው እየሰሙ ዘና የሚሉ፣ እንቅልፍም የሚወስዳቸው ሰዎች አሉ፤ ያውም ብዙ።

«ፌስታል ለመስማት ስልክ የሚከፍት ሰው አለ?» አሏት አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው።

«አለ፣ አባዬ።»

«እኔ የእናትሽን የፌስታል ኮሽታ ይኸው ስንት ዘመን በነፃ ስሰማ ኖሬያለሁ።»

አንድ ከሰዓት አዲስ ድምፅ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ስታምስ፣ መቀሱን በዚያው በሱቁ ጨርቅ እንደተጠቀለለ አገኘችው። ማስፈቀዱ ከበዳት። በሯን ዘግታ የድሮ አሻንጉሊቷን ፀጉር ጨበጥ አደረገችና መቅዳት ጀመረች። ቀጭ፤ ዝም። ቀጭ፤ ዝም።

ሳሎን የተቀመጡት አባቷ መቀሱን በድምፁ አወቁት። መጥተው በሩን ሲከፍቱ መቀሱን ከጀርባዋ ደበቀች። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«መቀስ እኮ እንዲህ አያርፍም» አሏት። «በመሃል በመሃል አየሩን ትቆርጫለሽ። ዝም ካለ ደንበኛው ያለቀ መስሎት ቀና ይላል፤ ጉዱ ያኔ ነው።»

«እስቲ አሳየኝ።»

«በዚህ እጅ?»

መቀሱን ዘረጋችላቸው።

«የምትቆርጠው አየር ነው፣ አባዬ። አየር ደግሞ ጆሮ የለውም።»

መቀሱን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፤ እጃቸውም ከኪሳቸው ወጣች። መቀሱን ወደ ማይኩ አስጠጉት። እጃቸው ስትንቀጠቀጥ መቀሱም አብሯት ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሳያርፍ። ልጅ ሳለች እቤት ሲያስተካክሏት ይወስዳት የነበረው እንቅልፍ መጣባት። ወንበሯ ላይ እንዳለች ጭልጥ አለች።

እሳቸው አላቆሙም፤ ደንበኛ ስለተኛ ሥራ አይቆምም። ሲበቃቸው መቀሱን አስቀመጡና ጨርቁን አነሡ። በቀኝ እጃቸው ይዘው አንዴ ደህና አድርገው አራገፉት። ከዚያ ልጃቸውን እንዳይቀሰቅሷት አሁንም ወደሚቀዳው ማይክ ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ «ተረኛ» አሉ።