የዙቤይዳ መቅኔ

ዙቤይዳ አጋሮ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ናት። ሃምሳን ተሻግራለች። ባለፈው ዓመት የሊምፍ ካንሰር ይዟት ጅማ እየተመላለሰች ኬሞ መውሰድ ጀመረች። ዕጢው ቶሎ ጠፋ፤ ደሟ ግን አልመለስ አለ። በየቀጠሮው ነጭ የደም ሴሏ ዝቅ ብሎ ይገኝና መድኃኒቱን ሳትወስድ ትመለሳለች።

የባሏ እህት ማሂራ ምክንያቱን አገኘሁ አለች። "አትበላም። ጉበት ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ራሷን የምትገድለው ራሷ ናት።" ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ጠያቂው ሁሉ ቀይ ሥር ይዞ እየመጣ ይቆጣታል። ዙቤይዳ ግን እያቅለሸለሻት፣ እንባዋ እየወረደ ትበላ ነበር። ከሁሉ ያበገናት ባሏ ቲጃኒ ነው፤ እህቱ ስትናገር አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል።

ጣቶቿ እንደደነዘዙ፣ መርፌ ሲወጋት የምታውቀው ደሙን ስታይ ብቻ እንደሆነ ብትነግራቸው "ከነፍስሽ ጣትሽ በለጠብሽ?" አሏት። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገረችም።

ነገሩ የወጣው አዲሷ ሐኪም ዶክተር ሔራን እጇን ስትመረምር ነው። ቲጃኒና ማሂራም አብረዋት ገብተው ነበር።

"መጀመሪያ ትበላ እንደሆን ይጠይቋት" አለች ማሂራ።

ሔራን ወደ ዙቤይዳ እንደዞረች "ድንዛዜው መቼ ጀመረዎት?" አለች።

"ሁለተኛውን ኬሞ ከወሰድኩ በኋላ።"

"ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ነው። እዚያም ነርቭ ይገባል። ኬሞ መቅኔውን ሲጎዳው፣ ነርቮቹና በዙሪያቸው ያሉት ደጋፊ ሴሎች መልሶ እንዲያገግም ይረዱታል። ጣትዎን ያደነዘዘው መድኃኒት የአጥንቱንም ነርቭ ነክቶት ከሆነ፣ መቅኔው የሚያገግመው ተጎትቶ ነው። ይህ በአይጦች ላይ የታየ ነው፤ በእርስዎም እንዲሁ ሆኗል ብዬ አልምልም። ነርቭ የሚጎዳውን መድኃኒት ግን እለውጥልዎታለሁ።"

"እነሱ እንደሚሉት ባለመብላቴ አይደለም?"

"አይደለም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።"

ደስ ይላታል ብለው ሲጠብቁ ዙቤይዳ በንዴት ከወንበሯ ተነሳች። "ራሷን ገደለች እያልሽ በየቤቱ አወራሽብኝ" አለቻት ማሂራን።

"ማሎ፣ እባክሽ፣ ላንቺው አስቤ ነው።"

"አታስቢልኝ።" ወደ ባሏ ዞረች። "አንተም አፍ አለህ። ወላሂ፣ ከእሷ ወሬ ያንተ ዝምታ ነው ያቃጠለኝ።"

ወደ አጋሮ ሲመለሱ ዙቤይዳ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ለብቻዋ ተቀመጠች።

መድኃኒቱ ተለወጠ። ደሟም ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ሕክምናዋን ጨረሰች። ጣቶቿ ግን እስከ ዛሬ ድንዝዝ እንዳሉ ናቸው፤ የእጅ ስፌት ትታ በመኪና ብቻ ትሰፋለች።

በዒድ ማሂራ ሥጋ ይዛ ለእርቅ መጣች። ዙቤይዳ ደጃፉ ላይ አቆመቻት። "ያወራሽበት ቤት ሁሉ ገብተሽ፣ ዋሽቻለሁ በያቸው። ከዚያ ነይ።"

ቲጃኒ ከጓሮ ወጣ። "እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ" አለ እህቱን። "ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሁለቱ ወደ ጎረቤት በር ሲያመሩ ዙቤይዳ ቆማ አየቻቸው። ቁጣዋ ግን አልበረደላትም።