ሻርፗን ትታ የት ትሄዳለች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፣ ጎረቤቴን ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ማታለሌን ግን ከኃጢአት አልቆጠርኩትም። ለምን? መምህርት ነኛ። መምህር ልጅ ሲያታልል ዘዴ ይባልለታል።

የማስተምረው ደምበጫ ነው፣ አንደኛ ክፍል። መስከረም ላይ ክፍሌ ለቅሶ ቤት ይመስላል፤ እናቶች በር ላይ ይቆማሉ፣ ልጆች ቀሚሳቸውን አንቀው አይለቁም። በዚያ ዓመት ከሁሉ የባሰችው ሀያት ነበረች፣ ገበያው ዳር ጨርቅ የምትሸጠው የዘሃራ ልጅ። ዘሃራ አስቀድማ ለምናኝ ነበር፤ ልጄ ከእኔ ተለይታ አታውቅም፣ ሱቄን ዘግቼ መጥቻለሁ፣ ይህን ሳምንት ብቻ ከኋላ ልቀመጥ አለችኝ። እውነቷን ነበር። እኔም በሥልጠና የተማርኩት ይህንኑ ነው፦ ልጅ ቀስ እያለ ይልመድ፣ እናትም ስትሄድ ተሰናብታ ትሂድ እንጂ አትሰወርበት። አውቀው ነበር። ግን ርዕሰ መምህሩ የማን ክፍል ጸጥ እንዳለ እየዞሩ ያያሉ፣ እኔ ደግሞ መመስገን እወዳለሁ።

ዘሃራን ጠጋ ብዬ፣ ከላይ የደረብሽውን ሻርፕ ወንበሩ ላይ ጣይና ሽንት ቤት የምትሄጂ መስለሽ ውጪ አልኳት። አመነታች። ገፋ አደረግኋት። ከዚያ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አልኩ።

«እናትሽ ሻርፗን ትታ የት ትሄዳለች? ጠብቂላት፣ አሁን ትመጣለች።»

ሀያት ጠበቀች። ያስጠበቅኋት እኔ ነኝ። ሻርፑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሌሎቹ ፊደል ሲያነቡ እሷ በሩን ታያለች። ለእረፍት ሲወጡም አልወጣችም፤ እናቴ መጥታ ብታጣኝስ አለች። ሽንቷ አመለጣት፣ አሁንም ከቦታዋ አልተነሳችም። አየኋት። አይቼም ዝም አልኩ፣ ክፍሌ ጸጥ ብሎ ነበርና። ርዕሰ መምህሩ አመሰገኑኝ።

ስንለቅ ዘሃራ ስትመጣ ልጅቱ አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። ሻርፑን ሰጥታት ቀድማት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ አልቅሳ አታውቅም። ይህንንም ለመደች ብዬ አወራሁት።

ጥቂት ሰንብቶ ዘሃራ ብቻዬን ስሆን ጠብቃ አገኘችኝ። ሀያት ቤት ውስጥ እናቷን ከዓይኗ አታርቃትም፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ትከተላታለች፣ ሌሊት ቀሚሷን ጨብጣ ነው የምትተኛው።

«ቲቸር፣ ምን በድያት ይሆን?» አለችኝ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ማለት ምን ያቅታል? እኔ ግን «አቀማጥለሽ ስላሳደግሻት ነው፣ ጠንከር በይባት» አልኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ወለምታም አልነበረም፣ አውቄ ነው ያልኩት።

ዘሃራ ቃሌን አክብራ ጠነከረችባት። ለብቻዋ አስተኛቻት፣ ስታለቅስ ገረፈቻት። ይህንንም የነገረችኝ ራሷ ናት፣ አንገቷን ደፍታ። እኔም አበጀሽ አልኳት። አበጀሽ!

ሀያት አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። ትምህርቷ ደኅና ነው፤ ከእናቷ ጋር ግን እንደ እንግዳ ነው የሚነጋገሩት። ዘሃራ ለሰው ስታወራ ልጄን ያበላሸኋት እኔ ነኝ፣ ሰው ያደረገቻት መምህርቷ ናት ትላለች። በኢድ ዳቦ ትልክልኛለች። እበላለሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ዘሃራን የምላት አጭር ነው፦ ልጅሽ አልቀበጠችም፣ እኔን አምና ስትጠብቅሽ ስለዋለች ነው። ሱቋ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።