ለስመኝ ያልነገርኳት

ትናንት ከሰዓት የእህቴ ልጅ ከሞጣ ደወለችልኝ። በቅርቡ ነው ነርስ ሆና በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተመደበችው። «አክስቴ፣ የአንድ ሕፃን የጭንቅላት አልትራሳውንድ ክፉ ሆኖ ወጣ። ቤተሰቡ ለእናቱ አትንገሪ እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ንገሪያት» አልኩና ዘጋሁት። ጨካኝ መስዬ ታይቻት ይሆናል። ብቻዬን ከቀረሁ ወዲህ ረጅም ወሬ አይሆንልኝም፤ መጻፍ ይሻለኛል።

እኔም በእሷ ዕድሜ ሞጣ ነርስ ነበርኩ። የቢቸና ልጅ ስለሆንኩ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በክረምት ጭቃው ጎማ ይዞ አይለቅም። ስመኝ የምትባል አራስ በዚያ ጭቃ ከግንደወይን የመጣችው በፍልሰታ ጾም፣ በወለደች በሦስተኛው ቀን ነበር። ልጇ ያለ ወሩ የተወለደ ወንድ ነው፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጡት አይዝም። አማቷ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ከጎኗ አይለዩም።

ሐኪሙ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። የእርጉዞችን አልትራሳውንድ እየገፋ አመጣና በእርግብግቢቱ በኩል የልጁን አንጎል እንደሚያይ ነገረን። እዚያ ላይ አጥንቱ ገና አልገጠመምና ውስጡን ያሳያል። እርግብግቢቱ ግን በቅቤ ተለብጧል። ልጠርገው ስል አማቲቱ እጄን ያዙኝ።

«ተይ አንቺ ልጅ! ብርድ ልታስመቺው ነው?»

«እማማ፣ ሌላ ቅባት እንቀባዋለን እኮ።»

«ደግሞስ ይኼ የእርጉዝ መሣሪያ አይደለም? ትናንት የተወለደ ልጅ ምን አርግዞ ነው?»

ስመኝ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቅቤውን በሞቀ ጨርቅ ጠረግኩ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ግራና ቀኙ ነጭ ሆኖ ታየ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠራኝና «ደም ነው፤ በጣም ብዙ ነው። ልጁ አይቆይም። አንቺ ያገሯ ልጅ ነሽ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አለኝ።

እኔ ግን ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር የማውቀው በአገሬ ደንብ ነው። ለአራስ በቀጥታ አይነገርም፤ መጀመሪያ ወንዶቹ ይሰማሉ፣ ሰው ይሰበሰባል። ባሏ ቅዳሜ ይመጣል ስለተባለ ለእሱ ልነግረው ወሰንኩ። ስመኝ «ምን ታየ፣ እታለም?» ስትለኝ «ደኅና ነው፣ ይሻለዋል» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ።

ልጁ ዓርብ ጠዋት ሞተ።

አላለቀሰችም። «ያን ቀን እንደማይተርፍ አይተሽ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«የቅዳሴው ደወል እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ቄስ ቅርብ ነበረ። ብትነግሪኝ አርባ ቀኑን ሳልጠብቅ አስጠምቀው ነበር። አሁን ስም የለው፣ ክርስትና የለው፤ የት ነው የምትቀብሩብኝ?»

አማቲቱ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ እንደቀበሩት ቆይቼ ሰማሁ።

ባለፈው መስከረም የባለቤቴ የምርመራ ውጤት ክፉ ሆኖ ሲመጣ እህቱ በር ላይ ቆማ «እንዳትነግሪው» አለችኝ። ገባሁና ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው የንስሐ አባቱን አስጠራ፤ ቆረበ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። ለቅሶው ላይ እህቱ በሰው ፊት «ተስፋውን የቆረጥሽበት አንቺ ነሽ» አለችኝ። ጎረቤቶቼ ተናዞና ቆርቦ መሄዱ ያጽናናሽ ይሉኛል። ያጽናናኛል። ግን አብረን ለመሆን የቀሩን ቀናት ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱም ሦስቱን ጀርባውን እያየሁ ጨረስኳቸው።