ለእናቴ ያቀናበርኩት ካሴት

ቪዲዮ ማቀናበር የተማርኩት ኻርቱም፣ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ እህቴ ከሞተች በኋላ። ከዚያ በፊት በዚያው ስቱዲዮ ገመድ እጠቀልል ነበር። መብራት ተሸክሜ ከሠርግ ሠርግ እዞር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከወሎ ስመጣ ሥራውን ያገኘችልኝ እሷ ናት። እሷ አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ወባ ያዛት፤ አልቆየችም። ቡሪ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል አብራት የተከራየችው ሴት አጥባ ከፈነቻት። እኛ ወንዶቹ ወስደን ቀበርናት።

እናቴ አልሰማችም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሄዳል፣ ሽማግሌ ይይዛል፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ይናገራል። ኻርቱም ያለን የአገራችን ልጆች ሁላችንም የምንሰማቸው አንድ ሐጂ ነበሩ። ወደ አገር የሚገባ የታመነ ሰው እስኪገኝ ዝም በሉ አሉን። ዝም አልን። እናቴ ግን ስቱዲዮው ስልክ ላይ ትደውላለች። ልጄ የት ናት ትለኛለች። ሥራ ላይ ናት እላታለሁ። አንድ ቀን፣ እንግዲያው ድምጿንም መልኳንም በካሴት ላክልኝ አለች። ያኔ ደብዳቤ ትቶ ካሴት የሚልክ ብዙ ነበር። ለሐጂ ስነግራቸው ጥሩ ነው አሉ። የሠርግ ካሴት የሞላበት ስቱዲዮ ውስጥ አይደለህ ወይ፣ ከዚያ ፈልገህ አዘጋጅላት፣ እስከ መርዶው ልቧ ይረፍ አሉ።

የስቱዲዮውን ባለቤት አስተምረኝ አልኩት። ኻርቱም የተወለደ ሐበሻ ነው፤ ኡስታዝ እንለዋለን። አማርኛው እየተሰበረ፣ ዐረብኛ እየጨመረ አስተማረኝ። ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ነው። አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። ማሽን ሲነሳ ምስሉ ይንገዳገዳል፤ ስለዚህ ከምትፈልገው ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰህ ታስነሳለህ። ሰው ወደ ጎን ካየ፣ የሚያየውን ነገር አስከትልለት። ሰው ከጠየቀ፣ የሚመልስ ፊት አስከትል።

«ሹፍ፣ ተመልከት» አለኝ፣ «አንተ አይደለህም የምታገናኘው። ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰውዬ ነው የሚያገናኘው።»

እህቴን ከየሠርጉ መፈለግ ጀመርኩ። ብዙ ቦታ አለች። ትሪ ይዛ ታልፋለች። ታጨበጭባለች። ካሜራው ሲደርስባት ግን የተከናነበችውን የቶቧን ጫፍ ስባ ፊቷን ትሸፍናለች። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም። ካሴቱ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፣ ፖሊስ ለከሻ፣ ለአፈሳ ሲወጣ ፊቴን የሚያውቅ አይኑር ትል ነበር። የቤት ሠራተኞቹ ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው።

ምስሉን እያየሁ ወደ ኋላ ስመልሰው ግን ሌላ ሆነ። በነጫጭ መስመሮች መሃል ጨርቁ ከፊቷ ይወርዳል። ታየኛለች። ከዚያ ረስታኝ ወደ ጭብጨባዋ ትዞራለች። ወደ ፊት ሳስኬደው ትሸፈናለች፣ ወደ ኋላ ስመልሰው ትገለጣለች። ጠዋት ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ስቱዲዮው ያለበት የዐማራት ሰፈር መኪና ጡሩንባ ይሰማል። ቢሆንም ወንበሬን ከቴሌቪዥኑ ራቅ አደረግሁ።

ደግሞ እየቀዳሁ፣ የተቀዳውን መልሼ እየቀዳሁ ስሄድ፣ መልኳ እየደበዘዘ መጣ። ቀዩ የቶቧ ቀለም ከሰውነቷ ለቅቆ አጠገቧ የቆመ ይመስል ነበር። ኡስታዝ ከቅጂ ላይ አትቅዳ ብሎኝ ነበር። ከዋናው ካሴት እንደገና ጀመርኩ።

ድምጿ የተገኘው በአንድ ካሴት ብቻ ነው። የሙሽራዋ አክስት ከማድ ቤት ትጠራታለች። አንቺ ልጅ፣ የት ጠፋሽ ትላለች። እህቴ ጀርባዋን እንደሰጠች መልስ ሰጥታ ትገባለች። የአክስትየውን ድምፅ አጠፋሁና በቦታው የራሴን ቀዳሁ። ከመጀመሪያው አጫወትኩት። እኔ እጠይቃለሁ፣ እህቴ ትመልሳለች።

«እማ መቼ ነው የምትመጪው ትልሻለች።»

«እሺ፣ መጣሁ፣ መጣሁ።»

መጋጠሚያው አይታወቅም። ኡስታዝ ከኋላዬ ቆሞ አይቶ ኖሯል። ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ተማርክ አለኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

ለሐጂ ከማስረከቤ በፊት ቡሪ ከእህቴ ጋር የኖረችውን ሴት ጠራኋት። ጁምዓ ዕረፍቷ ነው፤ መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች። እህቴ ትሪ ይዛ ስታልፍ፣ እያት፣ ሥጋ ያለበትን መርጣ እኮ ነው የያዘችው፣ ለእኛ ልታመጣልን ነው አለች። እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ነው የምትስቀው። የእኔ ጥያቄ መጣ። የእህቴ መልስ መጣ። ሴትየዋ ያን ጊዜ ቶቧን ሰበሰበችና ወደ አግዳሚው ጫፍ ጠጋ አለች። ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች። በሩንም አየች።

ካሴቱ አለቀ። ባዶውን ቦታ አየችው።

«በእነዚህ እጆቼ ነው ያጠብኳት» አለችኝ። «እኔ እንዲህ ከሆንኩ እናትህ ምን ልትሆን ነው? በሩን ከፍታ ታድራለች እኮ።»

ከዚያው ተነስቼ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ካሴቱ ከመርዶው በፊት አይሄድም አልኳቸው። ልቧ እንዲያርፍ ብለን ነው እኮ አሉ።

«አያርፍም» አልኳቸው። «ትጠብቃታለች።»

እሳቸውን ተቃውሜ ተናግሬ አላውቅም። ምን ቢኖርበት ነው አሉኝ። የሠራሁትን ነገርኳቸው። ሴትየዋም ቦታ እንደለቀቀችላት ነገርኳቸው። አስተግፊሩላህ አሉና ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ። ከዚህ ወዲያ የሚሄድ ሰው አንጠብቅም፣ ኢንሻአላህ እኔው ራሴ እገባለሁ አሉ።

እሳቸው እስኪነሱ ካሴቱን እንደገና ሠራሁት። ድምፄን አወጣሁ። የአክስትየውን ጥሪ መለስኩ። አሁን እህቴ ለጠራቻት ሴት ትመልሳለች፣ ማድ ቤት ትገባለች፣ በቃ። መርዶው ይቅደም፣ ካሴቱን እናቴ ስትጠይቅ ብቻ ይስጧት ብዬ ለሐጂ ሰጠኋቸው።

ሄዱ። ጎህ ሲቀድ ነገሯት። ለቅሶውም እንደ ወጉ ሆነ። ሲመለሱ እናቴ ስለ እህቴ ሕመም፣ ስለ መቃብሯ፣ ማን እንዳጠባት ሁሉ እንደጠየቀች አጫወቱኝ። ካሴቱን ግን አላነሳችም። አጎቴ ቤት አስቀምጠውት መጡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ደውላልኛለች። እስካሁን ካሴቱን አልጠየቀችኝም።